«የእርጅና ነው» እየተባለ የሚታለፈው የሽንት ችግርና የአስታማሚዎች ድካም፦ ተረትና እውነታ

መርካቶ ውስጥ ሽንት የሚያመልጣቸውን እናት ወይም አባት የሚያስታምም ሰው ሥራውን የሚጀምረው ሱቆቹ ከመከፈታቸው በፊት ነው። አንሶላ ይቀየራል፣ ፍራሹ ፀሐይ እንዲያገኝ ይወጣል፣ የታጠበው ግቢው ውስጥ ይሰጣል። ወደ ሸማ ተራ ወይም ወደ በርበሬ በረንዳ ለገበያ የሚኬደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አስታማሚዋ ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ፣ ምራት ወይም ሚስት ናት። ሌሊቱን ደጋግማ ስለተነሳች እንቅልፍ አልጠገበችም፤ አረጋዊውን ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧ ተጎድቷል፤ ቤቱ ይሸታል ብላ ስለምትሰጋ እንግዳ መጋበዝ ትታለች።

ሥራው በራሱ ከባድ ነው። ስለ ችግሩ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ የተሳሳቱ አባባሎች ደግሞ የባሰ ያከብዱታል። እያንዳንዱን ከእውነታው ጋር እናስተያየው።

ተረት 1፦ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል?»

እውነታ፦ ዕድሜ ሲገፋ ፊኛ እንደ ድሮው ብዙ አይዝም፤ ሌሊት አንዴ ወይም ሁለቴ መነሳትም የተለመደ ነው። ልብስ ላይ ማምለጥ ግን መነሻ ያለው የጤና ችግር ምልክት ነው። መነሻው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር በሽታ፣ ከባድ የሆድ ድርቀት፣ ወይም ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዝ የሚያሸና ክኒን ሊሆን ይችላል። ብዙ የወለዱ ሴቶች የዳሌ ወለል ጡንቻቸው ይላላና ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ሽንት ያመልጣቸዋል። ወንዶች ላይ ያደገ ፕሮስቴት መውጫውን ሲያጠበው ፊኛው ከልክ በላይ ሞልቶ ጠብ ጠብ ይላል።

ከእነዚህ ብዙዎቹ በሕክምና ይድናሉ ወይም ይቀንሳሉ። የሽንትና የደም ስኳር ምርመራ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። የላላውን ጡንቻ ለማጠንከር ሽንት እንደሚይዙ አድርጎ መጭመቅ፣ ጥቂት ሰከንድ መያዝና መልቀቅ፣ ይህንንም በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ መሥራት ይመከራል፤ ለውጡ እስኪታይ ግን ሦስት ወር ገደማ መታገስ ያስፈልጋል። የሚያሸናውን ክኒን በራስ ፈቃድ ማቆም አደገኛ ነው። የሚወሰድበት ሰዓት ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል።

ተረት 2፦ «ውሃ ባትጠጣ ይሻላል»

እውነታ፦ ውሃ ሲቀንስ ሽንት ይወፍራል። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ሽታው ይበረታል፣ ኢንፌክሽንና የሆድ ድርቀትም ይከተላሉ። በመጨረሻ የሚታጠበው ልብስ ይበዛል። ሐኪም ካልከለከለ በስተቀር ቀን ቀን በቂ ውሃ ይጠጣ፤ ከመኝታ በፊት ባለው ሁለት ሰዓት ገደማ ይቀነስ። ቡናና ሻይ ፊኛን ስለሚያነቃቁ የማታውን ቡና ማስቀረት ይረዳል። እግራቸው የሚያብጥባቸው አረጋውያን ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ከፍ አድርገው ቢያርፉ፣ የተጠራቀመው ውሃ ከመኝታ በፊት ይወጣላቸዋል።

ተረት 3፦ «እያወቀች ነው የምታደርገው»

እውነታ፦ በብዙ ቤት ጠብና እንባ የሚያመጣው ይህ አባባል ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የፊኛውን መሙላት ላያስተውል፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነም ሊጠፋው ይችላል። ቁጣ ሲጨመርበት ይደነግጣል፣ የረጠበውን ልብስ መደበቅ ይጀምራል፤ አስታማሚዋ ያኔ ሁለት ሥራ ይኖራታል።

አንዳንዴ ደግሞ ፊኛው ጤነኛ ሆኖ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ «የቀበሌ ቤት» በሚባሉት የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ግቢዎች ውስጥ ብዙ አባወራዎች አንድ ሽንት ቤት ይጋራሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት በጨለማ ተነስተው፣ ደረጃ ወርደው፣ ተራ ጠብቀው እስኪገቡ ሽንቱ ይቀድማቸዋል። ሲጣደፉ ወድቀው ዳሌያቸው ሊሰበርም ይችላል።

መፍትሔው ሽንት ቤቱን ወደ አልጋው ማቅረብ ነው፤ ክዳን ያለው ፖፖ፣ ለወንዶች ደግሞ አፉ ሰፋ ያለ ዕቃ። ምናለሽ ተራ ያሉ ብረት ሠሪዎች መቀመጫው ተቀዶ ከሥሩ ፖፖ የሚገባበት፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ሊበይዱ ይችላሉ። በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ «እማዬ፣ ሽንት ቤት ደርሰን እንምጣ» ማለት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ እሳቸውንም ከእፍረት፣ ልጃቸውንም ከእጥበት ያድናል።

ተረት 4፦ «ሽንት የሚያመልጣት ሴት ሁሉ ፊስቱላ አለባት»

እውነታ፦ ፊስቱላ በአብዛኛው የሚመጣው ረጅም ጊዜ በፈጀ አስቸጋሪ ምጥ ነው፤ ሽንቱም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይፈስሳል። በስተርጅና የሚጀምር ማምለጥ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ከወሊድ ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚፈስሳቸው እናት ካሉ ግን ዓመታት ቢያልፉም ሕክምና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በዶክተር ካትሪንና በዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የተከፈተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው።

ተረት 5፦ «ዳይፐር ከተገዛ ነገሩ አለቀ»

እውነታ፦ የአዋቂ ዳይፐር ይረዳል፤ በተለይ ሌሊት። ነገር ግን ዋጋው ከባድ በመሆኑ አንዱን ቀኑን ሙሉ የሚያስቆዩ ብዙ ናቸው። እርጥበት ላይ የቆየ ቆዳ ይላጣል፤ ተኝቶ የሚውል ሰው ላይ ደግሞ የአልጋ ቁስል ይከተላል፣ ያም ሌላ የሕክምና ወጪ ነው። ቶሎ መቀየር፣ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅና ቫዝሊን መቀባት ቆዳን ይጠብቃል። ፍራሹን በላስቲክ ሸፍኖ ከላዩ የሚታጠብ የጥጥ ጨርቅ ማንጠፍ እጥበቱን ያቀልላል። ምክንያቱን ሳይመረመሩ ዳይፐር ብቻ መግዛት ግን ሊድን የሚችለውን ችግር ዕድሜውን ማስረዘም ነው።

ተረት 6፦ «ነውር ነው፤ ለሰው አይነገርም»

እውነታ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚህ ላይ የሚደበቀው የአስታማሚዋ ድካምም ነው። ብዙ አረጋውያን ልብሳቸው እንዳይረጥብ ፈርተው ከእድር፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወይም ከአንዋር መስጊድ ይቀራሉ፤ አብሮ የሚቀረው ጠባቂያቸው ነው። በእስልምና ትምህርት ሽንቱን መያዝ ያልቻለ ሰው ለእያንዳንዱ የሶላት ወቅት ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ የተሰጠ ማቅለያ አለ። ክርስቲያኖችም ከነፍስ አባታቸው ጋር በግልጽ ቢነጋገሩ፣ በራሳቸው ላይ ከመፍረድ ይድናሉ።

ተረት 7፦ «ልጅ አይሰለችም፤ ሴት ልጅ ደግሞ ትችለዋለች»

እውነታ፦ ፍቅር እንቅልፍን አይተካም። ሌሊቱን በተቆራረጠ እንቅልፍ የሚያሳልፍ ሰው ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ ያዝናል፤ ለድባቴም ሊጋለጥ ይችላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተሰቦች አረጋዊን ወደ መጦሪያ ተቋም ከሚያስገቡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የሽንት ችግር ነው። በእኛ አገር እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከላት የሚቀበሉት ጧሪ የሌላቸውን ስለሆነ ሥራው ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ላይ ይወድቃል።

ወንድ ልጅ አባቱን ማጠብና ማልበስ ይችላል፤ አባትየውም ከሴት ልጃቸው ፊት ከሚሰማቸው ሐፍረት ይገላገላሉ። ውጭ አገር ያለው የሚልከው ገንዘብ የአጋዥ ሠራተኛ ደመወዝ ቢሆን፣ ቅርብ ያሉት ደግሞ በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ ቢሆኑ፣ አስታማሚዋ ለጤናዋና ለገበያዋ ጊዜ ታገኛለች። አስታማሚ መሰልቸቷ ፍቅሯ ማለቁን አያሳይም፤ ሸክሙ ለአንድ ሰው መብዛቱን ያሳያል።

ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ፦ ሽንት ውስጥ ደም፣ ጨርሶ መሽናት አለመቻል፣ ትኩሳት ከድንገተኛ መዘባረቅ ጋር፣ ወይም እግር በድንገት ዝሎ ሽንት መቆጣጠር ማቃት።

ከእነዚህ ውጪ ላለው ሁሉ ዝግጅቱ ቀላል ነው። ለሦስት ቀን ያህል ሽንት የመጣበትንና ያመለጠበትን ሰዓት፣ የተጠጣውንና የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ጽፎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። እዚያም ሁለት ነገር መናገር ያስፈልጋል። አንዱ «እናቴን ሽንት ያመልጣቸዋል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «እኔም መተኛት አልቻልኩም» የሚለው ነው፤ ባለሙያው ሕክምናውን ከቤተሰቡ አቅም ጋር የሚያስማማው ይህን ሲሰማ ስለሆነ፣ አስታማሚዎች ሳያፍሩ ሊናገሩት ይገባል።