ሴንሰሩ ነው ወይስ ከፍታው?

ከመካነ ሰላምና ከአካባቢዋ አሽከርካሪዎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ «መኪናዬ ጉልበት አጣች፣ ቼክ ኢንጅን በርቷል፣ የቱን ሴንሰር ልቀይር?» መልሴ፦ ሳይመረመር ምንም አትቀይሩ። ዕቃው ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤ የተገዛ ሴንሰር መልሶ የሚቀበል ሻጭም ብዙ የለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ በእጃችን ያለውን በእውቀት ማቆየት አለብን።

መጀመሪያ ከፍታውን እንለይ

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ብልሽት አይደለም። የከፍታ ድካም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ጉልበቱ ይመለሳል። የሴንሰር ችግር ግን ብዙውን ጊዜ መጣ ሄድ ይላል፤ ሙቀት፣ ብርድ ወይም የመንገድ ንዝረት ይቀሰቅሰዋል።

ምልክቶቹ

🔹 ጠዋት በብርድ አልነሳ ማለት፣ ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ያለ ጊዜው የሚዞር ቬንትሌተር፦ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ጠርጥሩ። «ሞተሩ ሞቋል» ብሎ ካሳሳተ ኮምፒውተሩ የጠዋቱን ተጨማሪ ነዳጅ ይከለክላል፤ «ገና ቀዝቃዛ ነው» እያለ ከቀጠለ ደግሞ ያለ ልክ ያጠጣዋል።

🔹 ሚኒሞ ላይ ከፍ ዝቅ ማለት፣ ነዳጅ ሲረገጥ መታነቅ፦ የአየር መጠን ሴንሰር ወይም ስሮትል ሴንሰር ሊሆን ይችላል። በተቀደደ ፊልትሮ ያለፈ የጥርጊያ መንገድ አቧራ የአየር ሴንሰሩን ያቆሽሸዋል።

🔹 ሌላ ምልክት ሳይታይ ነዳጅ መብላት፦ ኦክስጅን ሴንሰር ሊሆን ይችላል።

🔹 ከሞቀ በኋላ ድንገት ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነካው መነሳት፦ ክራንክ ሴንሰር። ሞተሪኖው እያዞረ የአርፒኤም ቀስቱ ንቅንቅ ካላለ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

እንዴት እናረጋግጥ?

ስካነር ሰክታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፤ ከዚያ የአየር ግፊቱን ቁጥር እዩ። መካነ ሰላም ላይ 74 ኪሎ ፓስካል አካባቢ መሆን አለበት። 100 ካሳየ የባሕር ዳርቻ አየር እየነገራችሁ ነው፤ የግፊት ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ተሳስቷል።

ለውሃ ሙቀት ሴንሰር ቴስተርና አንድ ጀበና ሙቅ ውሃ ይበቃል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች 20 ዲግሪ ላይ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም ያነባል። ሲሞቅ ቁጥሩ ሳያቋርጥ እየወረደ መሄድ አለበት፤ መሃል ላይ ከዘለለ አልቆለታል።

ኮድ ፍርድ አይደለም። ፒ0118 የሚለው ኮድ በውሃ ሙቀት ሴንሰሩ መስመር ላይ ያለው ቮልቴጅ ከልክ በላይ መሆኑን ነው የሚናገረው፤ ሴንሰሩ ተቃጠለ አይልም። በቅርቡ አንድ ደንበኛ በዚሁ ኮድ አዲስ ሴንሰር ገዝቶ መጣ። ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ የጉጉፍቱ ውርጭ እንኳ እዚያ አይደርስም። ሶኬቱን ስነቅለው አንዱ ፒን በአረንጓዴ ዝገት ተበልቶ ተቆርጧል። ፒኑ ተቀየረ፤ አሮጌው ሴንሰር እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ ሶኬቱን፣ አይጥ የበላው ሽቦ መኖሩን፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድማችሁ ፈትሹ።

አደራ የምላችሁ

ቼክ ኢንጅን ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ በትክክል እያቃጠለ አይደለም፤ ጉልበት ሳትጠይቁት ዳር ያዙ። እየሞቀ የሚጠፋ መኪና ይዛችሁ ደግሞ ወደ ጉንደወይን የሚወስደውን የዓባይ ቁልቁለት አትጀምሩ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪውምም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል። ድንገት ከደረሰባችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ አንዴ አጥብቃችሁ ይዛችሁ፣ መሪውን በሁለት እጅ ወደ ዳር አውጡ፣ ከቆማችሁ በኋላ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ክራንክ ሴንሰሩን ሳታስመረምሩ ሰው ጭናችሁ አትውረዱ።