ግብ አስቆጥሮ ያዘነው አጥቂ

የእግር ኳስ መዝገብ ግብን ይቆጥራል እንጂ ግቡን ያገባውን ሰው ልብ አይመረምርምና፣ ስኮትላንድ ካፈራቻቸው አጥቂዎች ሁሉ ከፍተኛውን ክብር በተቀዳጀው በዴኒስ ሎው ላይ ሁለት ጊዜ ፍርድ አጓድሏል፤ በመጀመሪያው በአንድ ቀን ያገባቸውን 6 ግቦች እንዳልነበሩ ቆጥሮ ሠርዞበታል፣ በሁለተኛው ደግሞ ምነው ባላገባኋት ያሰኘችውን አንዲት ግብ ከስሙ ጋር ለዘለዓለም አቆራኝቶበታል። ስለ ሎው በተወራ ቁጥር ይህችው የኋለኛዪቱ ግብ ቀድማ ትነሣለች፤ እኔ ግን ከእርስዋ በፊት ያለፉት ዓመታት በሚገባ ካልተነገሩ፣ ግብ አስቆጥሮ ማዘን ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ሊረዳው አይችልም ባይ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዴኒስ ሎው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1940 በሰሜን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በአበርዲን ከተማ፣ ሰባት ልጆች ላፈራ ዓሣ አጥማጅ ቤተ ሰብ የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ተወለደ። አባቱ ሰኞ ወደ ባሕር ወጥተው ቅዳሜ የሚመለሱ ሰው ስለ ነበሩ፣ የቤቱን ሸክም በትከሻቸው የተሸከሙት እናቲቱ ነበሩ፤ ዘመኑም የጦርነትና የድኅረ ጦርነት የችግር ዘመን በመሆኑ፣ ልጁ የመጀመሪያውን የኳስ ጫማ ያገኘው ሌላ ሰው ተጫምቶ የተወውን ነበር። በትምህርቱ ግን ብሩህ አእምሮ የተሰጠው ስለ ነበረ፣ በከተማው ስመ ጥር ወደ ሆነው ወደ አበርዲን ግራመር ትምህርት ቤት ለመግባት በቃ፤ ይሁን እንጂ በዚያ የሚዘወተረው ራግቢ እንጂ እግር ኳስ አለመሆኑን ባወቀ ጊዜ፣ ብዙ ወላጅ ለልጁ የሚመኘውን ያን ዕድል ትቶ ኳስ ወደሚጫወቱበት ትምህርት ቤት ሄደ።

ከድህነቱ ይልቅ የከበደው ግን የዓይኑ ነገር ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑ ሸውራራ ስለ ነበረ ወፍራም መነጽር ያደርግ ነበር፤ በመነጽር ኳስ መጫወት ስለማይቻል ደግሞ፣ በሜዳ ላይ መነጽሩን አውልቆ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወት ነበር። በአየር ላይ ተወርውራ የምትመጣ ኳስ ርቀቷ የሚለካው በሁለት ዓይን መሆኑን ለሚያስተውል ሰው፣ ይህ ልጅ የኳስን አካሄድ አስቀድሞ የማወቅ ጸጋ ከወዴት እንዳገኘ በመጠኑ ይገለጥለታል፤ ዓይኑ የነፈገውን በልቡናው ማሟላት ነበረበትና።

በ1955፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ወደ እንግሊዝ ወርዶ በሀደርስፊልድ ታውን ክለብ ለሙከራ በቀረበ ጊዜ፣ አሠልጣኙ አንዲ ቢቲ ይህን ከሲታና መነጽራም ልጅ አይተው፣ ከዚህ ሰውነት ኳስ ተጫዋች ይወጣል ብሎ ማመን አቅቷቸው ነበር። ልጁ መጫወት ሲጀምር ግን ሐሳባቸው ተለወጠ። ሀደርስፊልድ ከገባ በኋላ ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ተቃና፤ ኋላ ሊቨርፑልን ለታላቅነት ያበቁት ቢል ሻንክሊ በአሠልጣኝነት በተተኩ ጊዜም፣ ሥጋና ወተት እንዲቀርብለት እያደረጉ ሰውነቱን አጠነከሩት። በዲሴምበር 24 ቀን 1956፣ በፈረንጆች የገና ዋዜማ፣ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ከዋናው ቡድን ጋር ተሰለፈ። በኦክቶበር 1958 ደግሞ፣ በዚያው ዓመት ከሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ በብርቱ ቆስለው የተረፉት የማንቸስተር ዩናይትዱ አሠልጣኝ ማት በዝቢ የስኮትላንድን ብሔራዊ ቡድን ይመሩ ነበርና፣ በ18 ዓመቱ በዌልስ ላይ አሰለፉት፤ ስኮትላንድ 3 ለ 0 ስታሸንፍ እርሱም አንዱን ግብ አገባ።

በማርች 1960 ማንቸስተር ሲቲ በ55,000 ፓውንድ ገዛው፤ ይህም እስከዚያን ጊዜ ድረስ በብሪታንያ ክለቦች መካከል ያልተከፈለ ዋጋ ነበር። እነዚያ የተሠረዙት 6 ግቦች የዚህ ዘመን ታሪክ ናቸው። በጃንዋሪ 28 ቀን 1961 ሲቲ ለኤፍ ኤ ካፕ ከሉተን ታውን ጋር ሲጫወት፣ ሉተን አስቀድሞ 2 ለ 0 መርቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሎው ብቻውን እየደጋገመ መረቡን ሲያናውጥ ውጤቱ 6 ለ 2 ሆነ፣ ስድስቱንም ያገባው እርሱ ነበር። ነገር ግን ዝናሙ ሜዳውን ረግረግ አድርጎት ስለ ነበረ ዳኛው በ69ኛው ደቂቃ ጨዋታውን አቋረጡ፤ በሕጉም መሠረት የተቋረጠ ጨዋታ እንዳልተደረገ ይቆጠራልና፣ ስድስቱ ግቦች ከጭቃው ጋር ቀሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጨዋታው እንደ ገና ሲደረግ ሎው ሰባተኛ ሊባል የሚችለውን ግብ አገባ፤ ሲቲ ግን 3 ለ 1 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። አንድ ሰው በአንድ ውድድር፣ በአንድ ተጋጣሚ ላይ 7 ጊዜ አግብቶ ተሸናፊ የሆነበትን ሌላ ታሪክ እኔ አላውቅም።

በዚያው ዓመት በጋ የኢጣሊያው ቶሪኖ በ110,000 ፓውንድ ወሰደው። የኢጣሊያ ኑሮ አስደሰተው፣ የኢጣሊያ ኳስ ግን አጥቂን በተከላካይ አጥር አስሮ የሚያውል ስለ ነበረ አስመረረው፤ በፌብሩዋሪ 1962ም ከባልንጀራው ከጆ ቤከር ጋር በመኪና ሲሄዱ ተገልብጠው፣ ቤከር እስከ ሞት አፋፍ ሲደርስ እርሱ በቀላል ጉዳት ዳነ። ከዚህ በኋላ ወደ ብሪታንያ መመለስ እንጂ ሌላ አልፈለገም፤ በ1962 በጋም ማት በዝቢ በ115,000 ፓውንድ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ አመጡት።

የዩናይትድ ደጋፊዎች ስትሬትፎርድ ኤንድ በተባለው፣ ቆመው በሚመለከቱበት ወገን ሆነው «ንጉሥ» ብለው የሰየሙት በዚህ ዘመን ነው። ክለቡ በሙኒክ አደጋ 8 ተጫዋቾቹን ከቀበረ 4 ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር፤ በ1963 የሊጉ ውድድር ሲያልቅ 19ኛ ሆኖ ከመውረድ ለጥቂት ቢድንም፣ በዚያው ወር በዌምብሌይ ሌስተር ሲቲን 3 ለ 1 አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፕን ዋንጫ ሲያነሣ የመጀመሪያዪቱን ግብ ያገባው ሎው ነበር። ቁመቱ ከመካከለኛ የማያልፍ ሲሆን በአየር ላይ ግን ከእርሱ የሚረዝሙትን ተከላካዮች ሁሉ በልጦ ይገጭ ነበር፤ ሌላው ሰው ዘሎ መውረድ ሲጀምር እርሱ ገና በላይ ይቆይ ነበርና። የማልያውን እጅጌ ጫፍ በመዳፉ ጨብጦ መጫወቱ፣ ባገባም ጊዜ ቀኝ እጁን ሽቅብ አንሥቶ አንዲት ጣት ማሳየቱ በአገሩ ሕፃናት ሁሉ የሚቀዳ ምልክት ሆነ። በ1963–64 በሁሉም ውድድሮች 46 ግብ አገባ፤ ይህንንም ከዩናይትድ ተጫዋቾች በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ አሁን ያለፈው የለም። በኦክቶበር 1963 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የመቶኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር፣ ከዲ ስቴፋኖና ከኤውሴቢዮ ጋር ለዓለም ምርጥ ቡድን ተሰልፎ የቡድኑን ብቸኛ ግብ አስቆጠረ፤ በ1964ም ባሎንዶር ተሸለመ፣ ከስኮትላንድ ልጆች ይህን ሽልማት ያገኘ ከእርሱ በቀር እስከ ዛሬ የለም። ከቦቢ ቻርልተንና ከጆርጅ ቤስት ጋር ሆኖም በ1965 እና በ1967 ክለቡን የሊጉ ሻምፒዮን አደረገ።

ለአገሩ የነበረው ፍቅር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። እንግሊዝ በ1966 የዓለምን ዋንጫ ባነሣችበት ቀን፣ ጨዋታውን ላለማየት ጎልፍ ሲጫወት እንደ ዋለ ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ኤፕሪል ስኮትላንድ በዌምብሌይ እነዚያን የዓለም ሻምፒዮኖች 3 ለ 2 ስትረታ ግን የመጀመሪያዪቱን ግብ ያገባው እርሱ ነበር።

ከዚህ ወዲያ የጉልበቱ ሕመም እየበረታ ሄደ። በመርፌ ሕመሙን እያስታገሠ ብዙ ጊዜ ተጫወተ፤ በሜይ 29 ቀን 1968 ዩናይትድ ቤንፊካን አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫን ሲያነሣ፣ ለዚያ ቀን ከማንም ይልቅ የደከመው አጥቂ በማንቸስተር ሆስፒታል አልጋ ላይ ጉልበቱን ታስሮ በቴሌቪዥን ይመለከት ነበር። በ404 ጨዋታ 237 ግብ ያገባለት ክለብ በ1973 ያለ ዝውውር ክፍያ አሰናበተው፤ እርሱም ወደ ቀድሞው ክለቡ ወደ ሲቲ ተመለሰ።

እንግዲህ ያችን ግብ እንመልከት። ኤፕሪል 27 ቀን 1974 ዩናይትድ በሜዳው በኦልድ ትራፎርድ ከሲቲ ጋር ሲጫወት፣ በአንደኛ ዲቪዚዮን የመቆየት ተስፋው በቀጭን ክር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በ81ኛው ደቂቃ ፍራንሲስ ሊ ወደ ግቡ ፊት ያሳለፈው ኳስ ሎው ዘንድ ደረሰ፤ እርሱ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ቆሞ ነበርና፣ ዕድሜ ልኩን የለመደው ሰውነት አእምሮ ሳያዘው እንደሚሠራ፣ በተረከዙ ወደ ኋላ መታት፤ ኳሲቱም ግብ ጠባቂውን አሌክስ ስቴፕኒን አልፋ ገባች። የሲቲ ተጫዋቾች ሊያቅፉት እየሮጡ መጡ። ያች ለ18 ዓመት በግብ ሁሉ ላይ ሽቅብ ትነሣ የነበረች እጅ ግን አልተነሣችም፤ ክንዶቹን አንጠልጥሎ፣ ፊቱ እንደ ጠቆረ ቆመ፣ ወዲያውም ተቀይሮ ወጣ። ከሊግ ኳስ ጋር የነበረው ነገር በዚሁ አበቃ። ተመልካቹ ሜዳውን ስለ ወረረ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቢቋረጥም፣ ይህ ጊዜ እንደ ሉተኑ አልሆነም፤ 1 ለ 0 የሚለው ውጤት ጸና።

ዩናይትድን ያወረደው ሎው ነው የሚለው ወሬ ግን ሐሰት ነው፤ ይህን አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። በዚያው ቀን ከመውረድ ለመዳን ከዩናይትድ ጋር ይፎካከር የነበረው በርሚንግሃም ሲቲ አሸንፎ ስለ ነበረ፣ ዩናይትድ ያን ጨዋታ ቢያሸንፍ እንኳ ከመውረድ አይድንም ነበር። ሎው ይህን ኋላ ያወቀ ቢሆንም ኀዘኑ በዚህ አልተፈወሰም።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ፣ በ34 ዓመቱ፣ በምዕራብ ጀርመን በተደረገው የዓለም ዋንጫ ስኮትላንድ ዛኢርን 2 ለ 0 ባሸነፈችበት ጨዋታ ተሰለፈ፤ ያም በዓለም ዋንጫ የተጫወተው ብቸኛ ጨዋታ ሲሆን፣ በኦገስት ጫማውን ሰቀለ። ለአገሩ በ55 ጨዋታ ያገባቸው 30 ግቦች እስከ ዛሬ የስኮትላንድ ክብረ ወሰን ናቸው፤ ኬኒ ዳልግሊሽ በቁጥር ቢደርስበትም፣ 102 ጨዋታ አስፈልጎታል።

በኦገስት 2021 ሎው የማስታወስ ችሎታን በሚያጠፋው በአልዛይመር በሽታ መያዙን ለሕዝብ ገለጠ፤ ሕመሙን መሸሸግ አልወደደም። በዚህ ደዌ ስንት የዘመኑ ኳስ ተጫዋች እንደ ወደቀ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ግልጽነት ታላቅ ውለታ ነው። የአንድ ሰው ሕመም ከምን እንደ መጣ ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም፤ ነገር ግን የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2019 ባወጡት ጥናት፣ የቀድሞ የስኮትላንድ ኳስ ተጫዋቾች በአንጎል መጎሳቆል በሽታ የመሞታቸው ነገር ከሌላው ሕዝብ በሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ እንደሚበልጥ አረጋግጠዋል። ሎው ጃንዋሪ 17 ቀን 2025 በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ኳስን በመግጨት እንዲህ ያለ ስም ያተረፈው ሰው የተወለደባት ስኮትላንድም፣ ኳስ መግጨት አንጎልን ይጎዳል በሚል ስጋት፣ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በልምምድ ጊዜ ኳስ በጭንቅላታቸው እንዳይገጩ በ2020 ከልክላለች፤ በ2022ም ለሙያተኞቹ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት ባለው ቀንና በማግሥቱ በልምምድ ኳስ ከመግጨት እንዲታቀቡ መመሪያ ሰጥታለች።