አንድ ፕሬዚዳንት፣ ሁለት የትውልድ ቦታ

የአሜሪካ ሰባተኛው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1767 ዋክስሆው በሚባለው አካባቢ ለመወለዱ ክርክር የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የሚያከራክረው ቤቱ ነው። ዋክስሆው በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ድንበር ላይ ያረፈ አገር በመሆኑ፣ ሁለቱም «የእኛ ልጅ ነው» ብለው የየራሳቸውን ታፔላና ሐውልት አቁመዋል። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በመኪና ብዙ ጊዜ አይወስድም።

የጃክሰን አባት የሞቱት ልጁ ሊወለድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነበር። እናቱ ኤልሳቤጥ ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ይዘው፣ ሦስተኛውን በሆዳቸው አርግዘው መበለት ሆኑ። በአካባቢው ያገቡ እህቶች ነበሯቸው። ባሏ የሞተባት ነፍሰ ጡር እህቷ ቤት ብትጠጋ ምን ይገርማል? ጥያቄው የትኛዋ እህት ቤት የሚለው ነው። ደቡቦች በጄምስ ክሮፎርድ ቤት፣ ዛሬ ላንካስተር ካውንቲ በሚባለው ተወለደ ይላሉ። ሰሜኖች ደግሞ እናቲቱ ከቀብር በኋላ ወደ ሌላዋ እህታቸው፣ ወደ ጆርጅ ማካሚ ሚስት ቤት ጎራ እንዳሉ ምጥ ያዛቸው ባይ ናቸው፤ ያ ቦታ ዛሬ ዩኒየን ካውንቲ ውስጥ ነው።

ጃክሰን ራሱ በ1824 በጻፈው ደብዳቤ የተወለደው በክሮፎርድ እርሻ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ እንደሆነ ገልጿል። በ1832 ደቡብ ካሮላይና የፌዴራሉን የቀረጥ ሕግ አልቀበልም ባለች ጊዜም፣ በጦር ኃይል በሚያስፈራራው አዋጁ ውስጥ ሕዝቡን የትውልድ ግዛቴ ዜጎች ብሎ ነው የተጣራው። የሰሜኖች ማስረጃ ዘግይቶ የመጣ ነው። ሳሙኤል ዎካፕ የሚባል የዩኒየን ካውንቲ ጠበቃ የዘመድና የጎረቤት ዘሮች ከአያቶቻቸው የሰሙትን ሰብስቦ በ1858 አሳተመ፤ የጃክሰንን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ጄምስ ፓርተንም ተቀበለው።

እኔ ወደ ደቡብ አደላለሁ። እርግጥ ማንም የገዛ ልደቱ ምስክር አይሆንም፤ ግን ለጃክሰን ልትነግረው የምትችለው እናቱ እስከ 14 ዓመቱ በሕይወት ነበረች። ዘጠና ዓመት ቆይቶ የተለቀመ የቤተሰብ ወሬ ከዚያ ሊበልጥብኝ አይችልም። ያም ሆኖ ሰሜኖችን ቀጣፊ ማለት አይገባም። የሁለቱን ግዛቶች ድንበር የመለካት ሥራ ከ1735 እስከ 1815 የተጎተተ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የትኛው ጎጆ በየትኛው ወገን እንዳለ ለነዋሪውም ግልጽ አልነበረም።

ነገሩን ያከረረው ድንጋዩ ነው። ሰሜን ካሮላይና በማካሚ ቤት ቦታ በ1910 ሐውልት ቆመላት፤ በ1948 ደግሞ ለአገር ያበረከትኋቸው ያለቻቸውን ሦስት ፕሬዚዳንቶች፣ ጃክሰንን ጨምሮ፣ በራሊ ከተማ በነሐስ ስታቆም ፕሬዚዳንት ትሩማን መጥተው መረቁላት። ደቡቦችም የጃክሰንን የራሱን ቃል ድንጋይ ላይ ቀርጸው፣ በስሙ ፓርክ ከፈቱ። መጽሐፍ ላይ «ይባላል» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ በመኪና እየበረረ ለሚያልፍ ሰው የተጻፈ ታፔላ ግን ለጥርጣሬ የሚሆን መስመር የለውም። ዋክስሆው የአንድ ነባር ሕዝብ ስም መሆኑንም ለመንገር እንዲሁ ቦታ አይተርፈውም፤ በ1830 ነባር ሕዝቦችን ከምድራቸው የሚያስነሣውን ሕግ የፈረመው ደግሞ ይኸው ጃክሰን ነው።

በ1979 ሁለቱ ካውንቲዎች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻቸውን በአሜሪካ ፉትቦል ማጋጠም ጀመሩ። ውርርዱ፣ ያሸነፈው ጃክሰንን ለአንድ ዓመት የራሱ ተወላጅ ሊያደርገው ነበር።