ከአብሲት እስከ መጽሐፍ ገጽ፤ ስለ ስታርችና ላቴክስ ማጣበቂያዎች

ወደ መምህራን ማሠልጠኛው ተዛውሬ ከመምጣቴ በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። የሰኔ ፈተና ሊደርስ ሲል አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ በመጻሕፍት ማስቀመጫው ጣራ አፍስሶ ወደ አርባ የሚጠጉ መጻሕፍት አራሰብን። እኔም እንዳይጣመሙ በማሰብ፣ ተማሪዎቹ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ድንጋይ እንዲጭኑባቸው አደረግሁ። ከሳምንት በኋላ ስናነሣቸው በተራ ወረቀት የታተሙት ቢጨማደዱም ይነበቡ ነበር። በሚያብለጨልጭ ወረቀት የታተሙት ባለ ሥዕል የባዮሎጂ መጻሕፍት ግን እንደ ሳንቃ ሆነው ቀሩ። በኃይል ስንገልጣቸው የልብ ሥዕል ከነቀለሙ ተልጦ ከፊት ለፊቱ ባለው ጽሑፍ ላይ ተለጠፈ። በዚያ ዓመት ተማሪዎቹ ፈተናውን የተፈተኑት ሥዕሎቹን ሳያዩ ነው። ጥፋቱ የዝናቡ ብቻ አልነበረም፤ የኔም ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ወረቀት እንዴት እንደሚቀባ ማንበብ ከጀመርሁ በኋላ ነው።

የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላዩ ወረቀት አይደለም። ፋብሪካው በወረቀቱ ገጽ ላይ በጣም የደቀቀ ነጭ ማዕድን ይቀባበታል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ አፈር፣ ወይም በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ይህ ዱቄት ብቻውን ቢሆን ኖሮ በጣት ሲነካ እንደ ጠመኔ ብናኝ ይራገፍ ነበር። ስለዚህ ቅንጣቶቹን እርስ በርሳቸውም ሆነ ከወረቀቱ ጋር የሚያስተሳስር አያያዥ ያስፈልጋል። ለ100 ኪሎ ግራም ማዕድን በተለምዶ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም አያያዥ ይገባበታል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግሉት ስታርችና ላቴክስ ናቸው።

ስታርችን ከማናችንም ወጥ ቤት እናገኘዋለን። ድንች ፈቅፍቆ በውሃ አጥቦ በጨርቅ ቢያጠሉት፣ ከሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት እሱ ነው። በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ እንቁላል የሞላለሉ ቅንጣቶች ይታያሉ፤ ትልልቆቹ እስከ 1 ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ይደርሳሉ። በውስጣቸው ሁለት ዓይነት የግሉኮስ ሰንሰለቶች አሉ። አሚሎስ ቀጥ ያለው ሲሆን፣ አሚሎፔክቲን ደግሞ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ቅንጣቶቹ አይሟሙም፣ ይዘቅጣሉ እንጂ። ሙቀቱ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ አሚሎሱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ፈሳሹም እንደ ሙቅ ይወፍራል። ያን ጊዜ በወረቀት ላይ ቢቀባ ሰንሰለቶቹ ከወረቀቱ ሴሉሎስ ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛሉ። ውሃው ሲደርቅ ማጣበቂያው ይጠነክራል።

በዚህ ላይ ለተማሪዎች ሁልጊዜ የማነሣው ምሳሌ አብሲት ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ከቦካው ሊጥ ጥቂቱን ቀንሳ በውሃ ታፈላዋለች፤ ወፍሮ ሲበስል መልሳ ከጥሬው ሊጥ ትቀላቅለዋለች። የበሰለው ክፍል ጥሬውን እንዳይዘቅጥ ይዞ ያቆየዋል፤ ጥሬው ደግሞ በምጣዱ ላይ ይበስላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈው የካርቶን ማጣበቂያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስታይን ሆል በሚባለው በዚህ ዘዴ ጥቂት ስታርች በኮስቲክ ሶዳ ይበስላል፤ ብዙው ጥሬ ስታርች በዚያ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። ኮስቲክ ሶዳው ስታርቹ የሚበስልበትን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል፤ ቦራክስ ደግሞ የማጣበቅ ኃይሉን ይጨምራል። ማጣበቂያው ሸንተረር ባለው ወረቀት ጫፍ ላይ ተቀብቶ በጋለ ብረት ላይ ሲያልፍ ጥሬው ስታርች እዚያው በስሎ፣ ውሃውን መጥጦ ወዲያው ይይዛል። ከገበያ የምናመጣውን ካርቶን ቀድደን ብናየው ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ያደረጋቸው በአብዛኛው ስታርች ነው።

የስታርች ድክመቱ የታወቀ ነው። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ በረሮና አይጥም ይወዱታል።

ላቴክስ የሚለው ቃል መጀመሪያ የጎማ ዛፍ ሲጫር የሚወጣውን ወተት የሚመስል ፈሳሽ ያመለክታል። የቁልቋል ወተትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ዓይን ስለሚጎዳ ግን ማንም መምህር ለማሳያ ብሎ ወደ ክፍል እንዳያመጣው። ለወረቀት የሚውለው ላቴክስ በፋብሪካ የሚሠራ ነው። ስታይሪንንና ቡታዳይንን በውሃ ውስጥ አዋህደው ጎማ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1929 የበቁት ጀርመናውያኑ ዋልተር ቦክና ኤድዋርድ ቹንኩር ናቸው። በ1942 ጃፓን የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጎማ እርሻዎች ስትይዝ አሜሪካ ይህንኑ ዓይነት ጎማ በገፍ ማምረት ጀመረች። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ላቴክሱ ወደ ወረቀት ቅብ ገባ።

አሠራሩ ከስታርች ፍጹም የተለየ ነው። ፖሊመሩ በውሃው ውስጥ አልሟሟም፤ መጠናቸው ከ1 ሚሊሜትር አሥር ሺሕኛ እጅ ብዙ የማይበልጥ ሉሎች ሆኖ ይንሳፈፋል። ውሃው ሲተን ሉሎቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጨፈለቃሉ፣ በመጨረሻም ድንበራቸው ጠፍቶ አንድ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። አንድ ጊዜ ከተዋሐዱ ውሃ መልሶ ሊበትናቸው አይችልም። አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ፖሊመሩ ሌላ ቢሆንም የሚደርቀው በዚሁ መንገድ ነው።

በመሆኑም ፋብሪካዎች ሁለቱን አዘውትረው ይቀላቅላሉ። ስታርቹ ርካሽ ነው፣ ወረቀቱንም ያጠነክራል። ላቴክሱ መተጣጠፍን፣ ማብለጭለጭንና ውሃን መቋቋምን ይሰጣል። የኛ የባዮሎጂ መጻሕፍት በተጫኑ ጊዜ ውሃ ያለሰለሰው ቅብ ከፊት ለፊቱ ካለው ቅብ ጋር ተገናኘ፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲደርቁ አንድ አካል ሆኑ። እኔ በድንጋይ ያደረግሁት ፋብሪካው በማተሚያ ብረት ከሚያደርገው የተለየ አልነበረም።

ይህን ትምህርት በክፍል ለማሳየት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ከፋርማሲ የሚገኝ አዮዲን በውሃ ቀጥኖ በመተየቢያ ወረቀት፣ በጋዜጣ፣ በካርቶንና በሚያብለጨልጭ ገጽ ላይ አንዳንድ ጠብታ ይደረግ። ስታርች ያለበት ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይለወጣል። የመተየቢያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ይጠቁራል፤ ቀለም እንዳይሰርግበት ገጹ በስታርች ይቀባልና። ተማሪዎቹ ከጠብታው በፊት ግምታቸውን ቢጽፉ ጥሩ ክርክር ይነሣል።

መጻሕፍት ስንጠግንም ልዩነቱ ይጠቅመናል። የተቀደደ ገጽ በስታርች ቢጣበቅ ይሻላል፤ 1 ማንኪያ ስታርች ከ6 እስከ 8 ማንኪያ በሚሆን ውሃ እያማሰሉ ማብሰል ይበቃል። ጥገናው ካላማረ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሶ ማንሣት ይቻላል። በነጭ ኮላ የተለጠፈ ገጽ ግን እንዲህ በቀላሉ አይላቀቅም። የመጽሐፍ ጀርባ በየቀኑ ስለሚታጠፍ እዚያ ላይ ነጭ ኮላ ይመረጣል።

የሚያብለጨልጭ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ከራሰ ደግሞ ተከድኖ እንዲደርቅ ፈጽሞ አይተው። ገና እርጥብ ሳለ በየገጹ መካከል ያልታተመ ንጹሕ ወረቀት ይግባበት፤ ወረቀቱም ውሃ በጠጣ ቁጥር ይለወጥ፤ መጽሐፉ ነፋስ ባለበት ቦታ ተከፍቶ ይቁም። በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊጀምር ስለሚችል ሥራው ለነገ አይባልም። መጻሕፍቱ በዝተው እጅ ካጠረ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልለው በአቅራቢያ ባለ በረዶ ቤት ይቀመጡና ተራ በተራ እየወጡ ይገለጡ።