የድርቅ ማስጠንቀቂያ ከማሳው ይጀምራል
የመተማና የአካባቢው ገበሬ ማኅበራት ምን መዝግበው ማሳወቅ ይገባቸዋል?

ድርቅ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጡት ወሎ፣ ትግራይና ዋግ ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ የሚያገኘው፣ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በመኪና እየተጫነ የሚወጣበት የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ብዙውን ጊዜ አይታሰብም። አካባቢው «ትርፍ አምራች» እየተባለ ሲጠራ የቆየ በመሆኑ የገበሬ ማኅበር መሪውም ቢሆን የድርቅ መረጃ ማሰባሰብን የሌላ ወረዳ ሥራ አድርጎ ሊመለከተው ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ቆላ የሚሄደው መረጃ ሲዘገይ የሚጎዳው የቆላው ገበሬ ብቻ አይደለም።

ምክንያቱ የሰሊጡ ሥራ ነው። እንደሚታወቀው በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ለአጨዳ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች እጅግ ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ወደ ጠረፉ ይወርዳል። ከእነዚህም ብዙዎቹ መሬታቸው የጠበበ ወይም ክረምቱ ሳይወጣ ጎተራቸው የተሟጠጠ ናቸው። በአረምና በአጨዳ የሚያገኙት ገንዘብ በደጋ ለቀረው ቤተሰብ የእህል መግዣ ነው። ስለዚህ በሽንፋ ወይም በኮኪት ሰሊጥ ሲከሽፍ የሚጎድለው የባለማሳው ኪስ ብቻ ሳይሆን በበለሳና በጃናሞራ ያለው የምግብ ገበታም ጭምር ነው። በተቃራኒውም ደጋው ሲደርቅ ሠራተኛው ከወትሮው ቀድሞና በዝቶ ስለሚወርድ የቀን ዋጋው ይረክሳል። የመተማ የጉልበት ዋጋ ራሱ የድርቅ ምልክት ነው ለማለት የሚያስደፍረውም ይኸው ነው።

በአገራችን ድርቅን አስቀድሞ የማስጠንቀቅ ሥራ የመጣው ከከባድ እልቂት በኋላ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የማስጠንቀቂያው ክፍል ሥራውን ጀመረ። በ1976 ዓ.ም. ይኸው ኮሚሽን ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። የጠፋው ማስጠንቀቂያው አልነበረም። ለጋሾች ቁጥሩን ተጠራጠሩት፤ የዘመኑ መንግሥትም ትኩረቱ በሌላ ጉዳይ ተይዞ ነበር። እህሉ በብዛት መድረስ የጀመረው በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሰው ካለቀና ብዙ ሺህም ወደ ሱዳን ከተሰደደ በኋላ ነው። ከዚህ መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ቀንና ልክ የሌለው «ተቸግረናል» የሚል ደብዳቤ በቀላሉ የሚጠራጠሩት መሆኑ ነው።

ዛሬ መሣሪያው ከዚያን ጊዜው የተሻለ ነው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የወቅቱን ትንበያ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» እያለ ያወጣል፤ በየአሥር ቀኑም የእርሻ መረጃ ያዘጋጃል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኤልኒኞ የሚባለው የውኃ መሞቅ ሲከሰት የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ እንደሚዳከም ታውቋል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ይኸው ሲሆን በቀጣዩ ዓመት እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከዚህም ሌላ ሳተላይት የዝናቡን መጠንና የምድሩን ልምላሜ ከላይ ይለካል።

ይሁን እንጂ ሳተላይቱ በመተማ ላይ የሚሳሳትበት ብዙ መንገድ አለ። በመጀመሪያ ነገር የሚያየው አረንጓዴ ነው። በቆላው ሣሩና ጫካው በጥቂት ዝናብ ስለሚለመልም ሰሊጡ አበባውን ቢያራግፍ እንኳ ከላይ ሲታይ አገሩ ሁሉ ያማረ ይመስላል። በአቀንጭራ የተጠቃ ማሽላም ከሩቅ ሲታይ ከደህናው አይለይም። በሁለተኛ ደረጃ የቆላ ዝናብ እየቆራረጠ የሚጥል ነው፤ አንዱን ማሳ አርሶ ሌላውን ይዘለዋል። ሳተላይቱ ግን አምስት ኪሎ ሜትር በአምስት ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ቦታ እንደ አንድ ማሳ ይቆጥረዋል። የክረምቱ ድምር ዝናብም ያታልላል። ሐምሌን ሁለት ሳምንት ደርቆ በነሐሴ በአንድ ጊዜ የወረደ ውኃ በመዝገብ «መደበኛ» ተብሎ ሊገባ ይችላል፤ በጥቁሩ አፈር ላይ ውኃ የተኛበት ሰሊጥ ግን ሥሩ ታፍኖ ይጠወልጋል። ገበሬው ሁለት ጊዜ ተጎድቶ ወረቀቱ ደህና ነው የሚልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በማሳው ያለ ሰው ነው። ውድ መሣሪያም አያስፈልግም። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ ጣሳ ዛፍና ጣሪያ በማይከልለው ቦታ ቢተከልና ጧት ጧት በማስመሪያ ቢለካ ይበቃል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር፣ በአንድ ሄክታር ላይ ደግሞ አሥር ሺህ ሊትር ውኃ ነው። ከተለካ በኋላ ውኃውን ማፍሰስ እንዳይረሳ። ከዝናቡ ጋር መጻፍ ያለባቸው ቀኖች አሉ፤ ለዘር የሚበቃ ዝናብ የጣለበት፣ ሰሊጡ የተዘራበትና ጠፍቶ እንደገና የተዘራበት፣ በአበባ ጊዜ ዝናብ ያልጣለባቸው ተከታታይ ቀኖች። «ዝናብ ዘገየ» ከሚል አንድ ገጽ ይልቅ «እስከ ሐምሌ 10 ለዘር የሚበቃ ዝናብ አልጣለም፤ ከቀበሌው ማሳ ግማሹ አልተዘራም» የሚል አንድ መስመር ይሻላል።

ገበያውም እንደ ሰማዩ መታየት አለበት። አንድ ፍየል ተሽጦ ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል? ይህ ልክ በየሳምንቱ ሲያሽቆለቁል ሰው ከብቱን ወደ መሸጥ እየተገፋ መሆኑን ያሳያል። በጠረፍ ያለ ገበያ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከድንበሩ ማዶ ያለው የገዳሪፍ ማሽላና ሰሊጥ ሲጠፋም ሲበዛም የመተማን ዋጋ ይነካል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ ዮሐንስ በኩል ብዙ ሺህ ሰዎች መግባታቸውም ይታወሳል። ስለዚህ የዋጋ ለውጥ ሲመዘገብ መንስኤው የዝናብ እጥረት ይሁን የመንገድ መዘጋት አብሮ ቢጻፍ የላይኛው መሥሪያ ቤት አንዱን በሌላው ከመተርጎም ይድናል። ለግጦሽ ከጭልጋና ከአለፋ በክረምት የሚወርደው ከብትም ከወትሮው ቀድሞ ሲመጣ ወይም ሳይመጣ ሲቀር ወሬው ለልማት ሠራተኛው ሊደርስ ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ከመሣሪያ እጥረት የበለጠው እንቅፋት የሪፖርቱ አጻጻፍ ነው። አንዱ መሪ እንዳይወቀስ ሁሉ ደህና ነው ይላል፤ ሌላው እርዳታ እንዳይቀርበት ቁጥሩን ያብጣል። ሁለቱም የጎረቤታቸውን ቀበሌ እውነተኛ ሪፖርት ያስጠረጥራሉ። መዝገቡ በማኅበሩ ስብሰባ ጮክ ብሎ ቢነበብ ማሳውን የሚያውቀው ገበሬ እዚያው ያርመዋል።

ጊዜውም አለ። በሐምሌ አጋማሽ ሰሊጥ አለመዘራቱ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ከታወቀ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ማሾ ለመዝራት ገና ዕድል ይኖራል። እንደ ጎቢዬና አብሽር ያሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮች ለዚህ ሊጠየቁ ይችላሉ። ያው ሪፖርት በኅዳር ቢደርስ ግን ሊያስገኝ የሚችለው የእርዳታ እህል ብቻ ነው፤ ለአጨዳ ወርዶ ባዶ እጁን ወደ በለሳ የተመለሰው ሠራተኛ ደግሞ በመተማ መዝገብ ላይ ስሙ የለም።