የቲማቲም ተክል አመጋገብና ችግርን የመቻል ኃይሉ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ቲማቲም ነው። ቲማቲም በጾሙም ሆነ በፍስኩ ወራት ከወጥ ቤታችን የማይታጣ፤ ሰፊ መሬት የሌለው የከተማ ነዋሪም ከቢሮ ሲመለስ በጓሮው ሊንከባከበው የሚችል አትክልት ነው። ይሁን እንጂ ቲማቲም የተከለ ሁሉ ፍሬውን አይበላም። ቅጠሉ ለምልሞ፤ አበባው አምሮ ሳለ፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ እንደ ሆነ ከታችኛው ጫፉ ላይ ጠቁሮና ጎድጉዶ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው አንዱ «ተባይ ነው» ብሎ መርዝ ይገዛል፤ ሁለተኛው «መሬቱ ደክሟል» ብሎ ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ሦስተኛውም ተስፋ ቆርጦ ተክሉን ይነቅላል። ሦስቱም ግን ከእውነተኛው ምክንያት ርቀዋል። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ ተክል እንዴት እንደሚመገብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተክል አፍ ባይኖረውም ይመገባል። ለማንኛውም ተክል ሕይወት የግድ የሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮች 17 ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱን፤ ማለት ካርቦንን፤ ሃይድሮጅንንና ኦክሲጅንን ከአየርና ከውሃ ያገኛል። የቀሩትን 14 ግን በሥሩ አማካይነት ከአፈር ይስባል። ናይትሮጅን፤ ፎስፈረስ፤ ፖታሲየም፤ ካልሲየም፤ ማግኒዚየምና ድኝ በብዛት የሚፈለጉ ናቸው። ብረት፤ ዚንክ፤ መዳብ፤ ቦሮንና እነዚህን የመሳሰሉት ደግሞ የሚፈለጉት እጅግ በጥቂቱ ነው። ነገር ግን መጠናቸው ጥቂት ነው ተብሎ ሊናቁ አይገባም። ለዚህም ምስክሩ ራሱ ቲማቲም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ዳንኤል አርኖንና ፔሪ ስታውት የተባሉ ሊቃውንት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቲማቲምን ያለ አፈር በንጹሕ የምግብ ውሃ አብቅለው፤ ሞሊብዲነም የተባለው ማዕድን ከጎደለ ተክሉ ጤና ሊያገኝ እንደማይችል አረጋግጠዋል። በ1954ም ክሎሪን ለተክል አስፈላጊ መሆኑ የታወቀው እንዲሁ በቲማቲም ላይ በተደረገ ምርመራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ካርል ስፕሬንግል የጀመረው፤ ዩስቱስ ሊቢግም በዓለም ያስታወቀው ሕግ ነው። ይኸውም የተክል ዕድገት የሚወሰነው በሞላው ምግብ ሳይሆን በጎደለው ነው የሚል ነው። ይህን ሕግ ለማስረዳት መምህራን ብዙ ጊዜ በርሜልን ምሳሌ ያደርጋሉ። ቁመታቸው ከማይተካከል ሳንቃዎች የተሠራ በርሜል ውሃ የሚይዘው እስከ አጭሩ ሳንቃ ድረስ ብቻ ነው፤ ረጃጅሞቹን ሳንቃዎች ቢያስረዝሙአቸው አንዲት ጠብታ አይጨምርም። ስለዚህ ፖታሲየም ለጎደለው መሬት ናይትሮጅን መደራረብ ገንዘብን ከማባከን በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ምግቡ የተስተካከለለት ተክል በደኅና ጊዜ ብቻ ሳይሆን በችግር ጊዜም ይጸናል። ፖታሲየም በቅጠል ላይ ያሉትን፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሚከፍትና የሚዘጋ በረኛ ነው። ድርቅ በመጣ ጊዜ ይህ በረኛ ከሌለ ተክሉ ውሃውን በከንቱ ያባክናል። ፎስፈረስ ሥርን ያጠነክራል፤ ሥሩ የጠነከረ ተክልም ራቅ ካለ ጥልቀት እርጥበት ይፈልጋል። ካልሲየም የሕዋሳትን ግድግዳ አያይዞ የሚያቆም ሲሚንቶ ነው። ናይትሮጅን ቅጠልንና ግንድን ያሳድጋል፤ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ተክሉ በቅጠል ብቻ ይወፍራል፤ አበባው ያንሳል፤ ገላው ለስልሶ ለበሽታና ለፀሐይ ይጋለጣል። ለዓይን ያማረ ተክል ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ተክል ረኃቡን የሚናገረው በቅጠሉ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይስማማል። ናይትሮጅን፤ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ ሊዘዋወሩ ስለሚችሉ፤ እጥረት በሆነ ጊዜ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ ምልክቱ አስቀድሞ የሚታየው በታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ነው። ቅጠሉ በሞላ ቢገረጣ ናይትሮጅን፤ ጠርዙ ቢቃጠል ፖታሲየም፤ የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ ሆነው መካከሉ ቢጫ ቢሆን ማግኒዚየም እንደ ጎደለው ያስጠረጥራል። ብረትና ካልሲየም ግን አንድ ጊዜ ከሰፈሩበት አይነሡምና የእነዚህ እጥረት የሚታየው በለጋው ቅጠልና በፍሬው ላይ ነው።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ወደ ጠቆረው ፍሬ እንመለስ። ይህ ጉዳት ተባይ አይደለም፤ ከተክል ወደ ተክል የሚጋባ በሽታም አይደለም። በፍጥነት በማደግ ላይ ያለው ፍሬ በጫፉ በኩል ካልሲየም ሲያጥረው የሕዋሳቱ ግድግዳ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ይጠቁራል። ነገር ግን አፈሩ ቢመረመር ብዙ ጊዜ ካልሲየም ሞልቶት ይገኛል። ታዲያ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ልጁ ስለ ምን ይራባል ቢባል፤ መልሱ ማጓጓዣ በማጣት ነው። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው በራሱ ኃይል ሳይሆን ከሥር ወደ ላይ በሚወጣው ውሃ ላይ ተጭኖ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚስበው ደግሞ ከቅጠል የሚወጣው ትነት ነው። ቅጠል ብዙ ስለሚተን ብዙ ውሃና ብዙ ካልሲየም ይደርሰዋል፤ የፍሬው ልጣጭ ግን ሰም የለበሰ ስለ ሆነ ትነቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ድርሻውም እንዲሁ ጥቂት ነው። ከፍሬውም ሁሉ የመጨረሻውን ድርሻ የሚቀበለው ከእንብርቱ የራቀው ጫፍ ነው። እንግዲህ መሬቱ ለጥቂት ቀን ደርቆ እንደ ገና በውሃ ሲጥለቀለቅ፤ ጉዞው ይቋረጣል፤ ቅጠሉ ያለውን ይሻማል፤ ፍሬው ይራባል።

ይህ ረኃብ የሚጀምረው አበባው ከረገፈ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው፤ ዓይን የሚያየው ግን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ የጠቆረው ፍሬ የሚናገረው ስላለፈው የውሃ አጠጣጥ ነው። በአገራችን በብዛት የሚተከለው ሮማ ቪ.ኤፍ. እንደሚባለው ዓይነት ፍሬው ሞላላ የሆነ ቲማቲም ለዚህ ጉዳት ከድብልብሉ ይልቅ ይጋለጣል። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው ችግሩን ያባብሰዋል። ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን የሆነው ዩሪያ በአፈር ውስጥ ወደ አሞኒየም ሲለወጥ፤ አሞኒየም ከካልሲየም ጋር በሥሩ በር ላይ ይጋፋል። ከዚያም ቅጠሉ ይበረክታል፤ የበረከተውም ቅጠል የፍሬውን ድርሻ ይወስዳል። መርዝ የሚረጨው ሰው ደግሞ የሌለን ጠላት እየወጋ፤ መርዙን ለልጆቹ ማዕድ ያቀርባል።

ከውሃ ሌላ የአየሩ ጠባይም የአመጋገብን ነገር ያውካል። የቲማቲም ዘር የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ነው፤ የሚወደውም ሞቅ ያለ ቀንና ለስላሳ ሌሊት ነው። ባሕር ጠለል ላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ዱቄት ይደክማል፤ አበባውም ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። አፈሩ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ሥሩ ፎስፈረስን መሳብ ስለሚያቅተው የችግኙ ቅጠል ከሥሩ በኩል ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ይህም አየሩ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይድናል። በቆላው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የአበባው ዱቄት ይሞታል፤ ፍሬውም ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲቆይ ቀይ ቀለሙን በሚገባ መሥራት ስለማይችል ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

በመስኖ የሚለማ ቆላማ መሬት፤ ለምሳሌ የመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ፤ ጨው ሲያወጣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ጨው የበዛበት ውሃ በሥሩ ዙሪያ ቢኖርም ተክሉ ሊጠጣው አይችልም፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። የአፈር ጨው በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ሲለካ ከ2.5 ዴሲሲመንስ በሜትር ካለፈ፤ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ አንድ መለኪያ የቲማቲም ምርት ከመቶ 10 እጅ ያህል እንደሚቀንስ ተመርምሮ ታውቋል። ማዳበሪያም ራሱ የጨው ዓይነት ስለ ሆነ በጨዋማ መሬት ላይ ከመጠን በላይ መጨመር ጥምን በጥም ላይ መደረብ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተግባሩ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ መደቡ ችግኝ ሳይተከልበት በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይቀላቀልበት፤ ይህ ምግብንም ውሃንም አቆይቶ ቀስ በቀስ ይሰጣል። አፈሩ ኮምጣጣ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ ከመትከል በፊት ኖራ ይጨመርበት። የምድጃ አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን ኮምጣጣነትን ስለሚያጠፋ በጥቂቱ ብቻ ይነስነስ። የእንቁላል ቅርፊት መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም ከአፈር ጋር የሚዋሐደው እጅግ ዘግይቶ ስለ ሆነ ዛሬ ለታመመው ፍሬ አይደርስለትም።

ሁለተኛ፤ ችግኙ ከመተከሉ በፊት አንድ ሳምንት ያህል ውሃው ቀነስ ተደርጎለት ፀሐይና ነፋስ ቀስ በቀስ ይለማመድ። ሲተከልም ግንዱ ጠለቅ ብሎ ይቀበር፤ የቲማቲም ግንድ አፈር በነካው ቦታ ሁሉ ሥር ያወጣልና። ሦስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፤ ውሃው በየጊዜው ሳይቋረጥ ይሰጥ። አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሳምንት ከመርሳት፤ በተወሰነ ቀን ሥሩ ዘንድ እስኪደርስ አጠጥቶ መደቡን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ይሻላል። ውሃው በቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከግንዱ ሥር ይፍሰስ፤ እርጥብ ቅጠል የዋግ መንገድ ነውና። አራተኛ፤ ናይትሮጅን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፋፍሎ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጥ። የጠቆረ ፍሬ ቢገኝ ይለቀም፤ ካልሻገተም የተጎዳውን ቆርጦ ደኅናውን መብላት ይቻላል።

አድማጮቻችን፤ ይህ ነገር የጓሮ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በመቂና በዝዋይ አካባቢ ያለው ገበሬ ለማዳበሪያና ለነዳጅ ገንዘቡን አውጥቶ የጠቆረ ፍሬ ቢለቅም ኪሳራው የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ከእኛም ዘንቢል ይደርሳል። በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል መልካ ሾላና መልካ ሳልሳን የመሰሉ ዓይነቶች ለአገራችን ጠባይ ተመርጠው ወጥተዋል። ነገር ግን መልካም ዘር ብቻውን አይበቃም። ምግብን በልክ፤ ውሃን በሥርዓት ያገኘ ተክል የከፋውን ቀን ይሻገራል። በአንድ ቀን የተደፋ ብዙ ማዳበሪያ ግን በየቀኑ የጎደለውን ጥቂት ውሃ ሊተካ ፈጽሞ አይችልም።