ከሂርና ማሳ እስከ ስቱዲዮ ግድግዳ

ሂርና ገበሬ ቤት ያደገ ልጅ አርክቴክት ሆኖ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያ ሕንፃ ቢነድፍ፣ ሰሚው “ከየት ተነስቶ የት ደረሰ!” ማለቱ አይቀርም። አድናቆቱ ግን ርቀቱን ያጋንናል። የስርጭት ሕንፃን ከሌላው የሚለየው የውጭውን ድምፅ መከልከሉ ነው፤ አንዱን ክረምት በሣር ክዳን፣ ሌላውን በቆርቆሮ ሥር ያሳለፈ ልጅ ደግሞ ይህን ሳይማረው ያውቀዋል። ዝናቡ ያው ነው፤ ሣሩ ውጦ ያስቀረዋል፣ ስሱ ቆርቆሮ ግን እንደ ከበሮ ይደልቃል። ጭድ ገብቶበት የተመረገ የጭቃ ግድግዳም የደጁን ጫጫታ የሚመክተው በክብደቱ ነው።

በአንዳንድ አነስተኛ ስቱዲዮዎች ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን የሚለጠፈው ይህ የክብደት ነገር ስለሚዘነጋ ነው። ከጭሮ ወደ ሐረር የሚወስደው አስፋልት ሂርናን አቋርጦ ያልፋል። ጫት የጫነ አይሱዙ ዳገቱን እያጓራ ሲወጣ ካርቶኑ ድምፁን አያስቆመውም፤ ካርቶን የሚቀንሰው ክፍሉ ውስጥ የሚመላለሰውን ገደል ማሚቶ ነው፣ ያውም በጥቂቱ። የሞተርን ድምፅ የሚያስቀረው ክብደት ነው። ግን አንድን ግድግዳ ማወፈር ብቻ አያዋጣም፦ ክብደቱ በእጥፍ ቢጨምር የሚያሳልፈው ድምፅ የሚቀንሰው በ6 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ግድግዳ ሳይነካኩ ይቆማሉ፤ ወለሉ ከመሠረቱ በጎማ ይለያል፤ የመስኮቱ ሁለት መስታወቶች አብረው እንዳይርገበገቡ ውፍረታቸው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1932 የተከፈተው የለንደኑ የቢቢሲ ሕንፃ ስቱዲዮዎቹን መሃል አስገብቶ ቢሮዎቹን የመንገድ ጋሻ አደረጋቸው፤ እንዲያም ሆኖ የምድር ውስጥ ባቡሩ ጉርምርምታ ከሥር ይደርስ ነበር።

ጭቃ ያቦካ ሁሉ አርክቴክት ይሆናል ወይ የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ አይሆንም። ያንን 6 ዴሲቤል የሚያሰላው ትምህርት ቤት የገባ ነው። በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ልደታው የሕንፃ ኮሌጅ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ስሌቱ ግን የጆሮን ትዝታ አይሽርም፤ ምን እንደሚሰላ የሚጠቁመው እሱ ነው።

ዛሬ ስርጭቱ በስልክ እየተላለፈ ሕንፃ ለምኑ? ይህም ይባላል። አድማጭ ከቦታው ለሚዘግብ ጋዜጠኛ የመንገዱን ጩኸት ይቅር ይለዋል፤ አራት እንግዶች ለአንድ ሰዓት በሚከራከሩበት ውይይት ላይ ግን አይታገሰውም። ሂርና ላይ ጣቢያ ቢሠራ ቢሮና መጋዘኑ ወደ አስፋልቱ፣ ስቱዲዮው ወደ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ ከባድ ኮርኒስ ያስፈልገዋል።